ተጨማሪ መረጃ፦ ስድስተኛው ወንበር

የከሰል ማንደጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ለምን ይገድላል? ምክንያቱ ያለው ደማችን ውስጥ በሚገኘው ብረት ላይ ነው።

ኦክስጅን በሚያጓጉዘው የደም ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አዮን ስድስት መያዣ ቦታዎች አሉት። አራቱን ሄም የተባለው ቀለበት ናይትሮጂኖች ይይዟቸዋል፤ አምስተኛውን ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ። ስድስተኛው ለኦክስጅን የተተወ ነው። እንዲህ ጥንድ ኤሌክትሮን እያቀረበ ከብረት ጋር የሚያያዝ ሞለኪውል ወይም አዮን ሊጋንድ ይባላል።

ኦክስጅን የሚያያዘው ላላ ብሎ ነው፤ ሳንባ ላይ ይሳፈራል፣ ጡንቻ ላይ ይወርዳል። እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ማለት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያንኑ ወንበር ይዞ አልነሳም ይላል፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ለተመረዘ ሰው ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጠውም በብዛት ተሻምቶ ወንበሩን እንዲያስለቅቅ ነው።

ሌላው መርዝ፣ ሳያናይድ፣ ደግሞ የሚያጠቃው ሕዋሳት በኦክስጅን የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም፣ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝን ነው። እዚያም ብረቱ ላይ ይጣበቃል። የሚገርመው መድኃኒቱ ነው፤ ሃይድሮክሶኮባላሚን በያዘው ኮባልት ሳያናይዱን ስቦ ራሱ አንድ የቫይታሚን ቢ12 ዓይነት ይሆንና በሽንት ይወጣል።

ወደ ማንደጃው ስንመለስ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አልጠፋም፤ ሽታም ቀለምም የለውምና ማንደጃውን ውጭ አሳድሩት።