ስጋት ያለበት እርግዝና እና እቤት የመውለድ ሐሳብ

በትምህርት ክፍላችን "እቤት መውለድ ጎጂ ነው" የሚለውን ሳይሰማ የተመረቀ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ለተግባር ልምምድ ገጠር ስንወጣ የምናገኛቸው እናቶች ደግሞ ይህንኑ ከእኛ በላይ ሰምተውታል፤ ሰምተውም ብዙዎቹ እቤታቸው ለመውለድ ያስባሉ። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሁፍ "ጎጂ ነው" ብሎ መደምደሙን ትቼ፣ እርግዝናዋ ስጋት ያለበት ሴት እቤቴ ልውለድ ስትል የምታመዛዝነው ምን እንደሆነ፣ እኛስ ምን ብንላት እንደሚሻል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የጥቂት ሴቶች አይደለም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 ወላዶች 5ቱ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። ለውጡ ትልቅ ነው። ያም ሆኖ በ2019 እንኳ ከግማሽ በላዩ ወሊድ እቤት ነበር ማለት ነው።

ስጋት ስንል በክፍል የተማርነውን ዝርዝር ማለታችን ነው፦ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ልጁ በመቀመጫው የመጣባት፣ ደም ግፊቷ 140/90 የደረሰ፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ደም ማነስ ያለባት፣ ብዙ ጊዜ የወለደች ወዘተ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በሰላም ይገላገላሉ። ለምሳሌ አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ቀጥሎ በምጥ ስትወልድ ማህፀኗ በጠባሳው በኩል የመተርተር ዕድሉ ከ200 ወላዶች በአንዷ ላይ ቢደርስ ነው። 199ኙ ምንም አይሆኑም። እንግዲህ ጎረቤቷ ኦፕራሲዮን ሆና ኋላ እቤቷ በሰላም ስትወልድ ያየች ሴት፣ እኛ "አደገኛ ነው" ስንላት ውሸታሞች ብንመስላት አይፈረድባትም።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ልዩነቱ? ልዩነቱ ያለው ችግሩ ከመጣ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ ነው። ማህፀኗ የመተርተሩ ዕድል እቤት ስለሆነች አይጨምርም፣ ሆስፒታል ስለሆነችም አይጠፋም። ነገር ግን ሆስፒታል ያለችው ሴት ኦፕራሲዮን ክፍሉ አጠገቧ ነው፣ ደም ይሰጣታል። እቤት ያለችውን ግን መጀመሪያ አንድ ሰው "ይሄ ምጥ ደህና አይደለም" ማለት አለበት፤ ከዚያ ባልና አማት ይመካከራሉ፣ ቃሬዛ ይፈለጋል፣ መንገድ እስኪደርሱ ይሸከሟታል፣ አምቡላንስ ይጠበቃል። ታዴየስ እና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሁፍ ሦስቱ መዘግየቶች ያሏቸው፣ ማለትም ለመወሰን፣ ለመድረስና ደርሶ ሕክምና ለማግኘት የሚባክነው ጊዜ፣ እንዲህ እየተደራረበ ነው የሚገድለው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊወስዳት ይችላል። ብዙዎቻችን የወጣንባቸው ቀበሌዎች እስከ መኪና መንገድ ብቻ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳሉ።

ደም ግፊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እርጉዟ አያማትም፤ እየሠራች፣ እየሳቀች ግፊቷ ይጨምራል። ራስ ምታቱና የዓይን ብዥታው ሲመጣ ድካም ነው ይባላል። አንቀጥቅጦ ሲጥላት ደግሞ በብዙ ቦታ ልክፍት ነው ተብሎ ወደ ሌላ መፍትሔ ይኬዳል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መድኃኒት እዚያ ቤት የለም።

በልምምድ ጊዜ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ስድስተኛቸውን አርግዘው ነበር። "እትዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ሆስፒታል ቢወልዱ" ስላቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ አምስቱን የወለድኩት እቤቴ ነው። ምን ሆንኩ?" አሉኝ። ይህ መልስ ለሰሚው በጣም አሳማኝ ነው፤ በሕክምና ዓይን ግን ራሱ ስጋቱ ይኸው ነው። ብዙ መውለድ ምጡን ያቀለዋል፣ ደሙን ግን አያቀልም። ደጋግሞ የተለጠጠ የማህፀን ጡንቻ እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እንደ በፊቱ ጠበቅ ብሎ ላይኮማተር ይችላል፣ ደሙን የሚያቆመው ደግሞ ያ መኮማተር ነው። ይህን በጨርቅ ከረጢት እያሳየሁ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ሌላውን ምክንያታቸውን ነገሩኝ፤ እኔም ዋናው እሱ ይመስለኛል። "እዛ ብቻዬን ያስገቡኛል። እህቴ ውጭ ትቀራለች። በጀርባሽ ተኚ ይሉኛል። እቤቴ ግን ተንበርክኬ፣ ወገቤን ይዘውልኝ፣ ማርያም ማርያም እያሉልኝ ነው።"

እስቲ ይህን ንግግር እንመርምረው። ስለ ሰውና ስለ ክብር እንጂ ስለ ሕክምና የሚያነሳ ነገር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና በሚመቻት አኳኋን እንድትወልድ ይላል። እንግዲህ እኚህ እናት ከጠየቁት ውስጥ ጤና ተቋም ሊከለክላቸው የሚገባ አንድም ነገር አልነበረም። ጎን ለጎን ቡናና ገንፎ ቢፈቀድ ምን ይጎዳል? እኛ አዋላጆች አንዳንዴ ለራሳችን ምቾት ያወጣነውን ደንብ የሕክምና ሕግ አስመስለን እናቶችን ወደ ቤታቸው እንመልሳለን ባይ ነኝ።

በክፍል ክርክር ላይ "ፈረንጆቹስ እቤታቸው ይወልዱ የለ እንዴ!" ያለ ተማሪ ነበር። እውነት ነው፣ ይወልዳሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትልቅ ጥናት እቤት መውለድን ያየው ግን ስጋት የሌለባቸውን እናቶች ይዞ፣ የሠለጠነ አዋላጅ እቤታቸው እየመጣ፣ ሆስፒታል ማስተላለፊያው ተዘጋጅቶ ነው። እንዲያም ሆኖ ከመጀመሪያ ወላዶቹ 45 በመቶ ያህሉ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ስጋት ለሌለባት እንኳ መኪናው ዝግጁ መሆን ካለበት፣ ስጋት ላለባትና መኪና ለሌላት ምን ሊባል ነው?

እዚህ ላይ ጤና ጣቢያም የመጨረሻ መልስ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን አይሰራም፣ ደም አይሰጥም። ጠባሳ ያላትን ሴት "ጤና ጣቢያ ውለጂ" ብለን ብንለያት ግማሽ መንገድ ላይ ትተናት እንደመጣን ይቆጠራል።

ለእኔ ከሁሉ የተሻለ የሚመስለኝ ምጡ ሳይጀምር ርቀቱን መቅደም ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጉራጌ ውስጥ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ስጋት ያለባቸውን እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ ግቢው ውስጥ በእናቶች ማቆያ ማሳደር ከጀመረ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኖታል። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የነበረው የ22 ዓመት መዝገብ ተጠንቶ ነበር። በማቆያው በኩል ከገቡት 6,805 ሴቶች መካከል የእናቶች ሞት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች 90 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ 1,333 ነበር። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ ስለሆነ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይገባም። ቢሆንም ማቆያ የገቡት ስጋት ያለባቸው ተብለው የተለዩት መሆናቸውን ልብ እንበል።

ችግሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ማቆያ መቆየት ማለት ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ምድጃውን ጥሎ መሄድ ነው። ስድስተኛ የያዙት እናት የጠየቁኝም "ልጆቼን ማን ያበላልኝ?" ብለው ነበር። ይህን ጥያቄ በስምንተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ክትትል ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ባልየውና አማቷ ባሉበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ሰምታው፣ ልጆቹን የምትይዘው ሴት ማን እንደሆነች፣ ቃሬዛውን እነማን እንደሚሸከሙ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ በስም መያዝ አለበት። የክትትል ካርዱ ላይ ለደም ግፊትና ለክብደት ቦታ አለ፤ ለእነዚህ ስሞች ግን እኔ ከኋላው ባዶ ቦታ ፈልጌ ነው የጻፍኩት።