ወንፈል በስልክ፦ ሙያና ያገለገለ ዕቃ ለመለዋወጥ የሚያገለግል የማኅበረሰብ መተግበሪያ ንድፍ

መግቢያ

ሙያንና ያገለገሉ ዕቃዎችን ለመለዋወጥ የሚዘጋጁ መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ግምት ነው፤ ተለዋዋጮቹ አይተዋወቁም፣ ስለዚህ መተማመንን የሚፈጥርላቸው መተግበሪያው ነው የሚል። የኮከብ ደረጃ፣ የተጠቃሚዎች አስተያየትና በገንዘብ የተተመነ ሒሳብ የዚህ ግምት ውጤቶች ናቸው። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር በሚገኙት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ግን ግምቱ አይጸናም። በዚያ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ጉልበቱን፣ በሬውንና የቤት ዕቃውን ሲለዋወጥ የኖረው ስልክ ከመምጣቱ እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ ልውውጡም የራሱ ደንብ አለው። በመሆኑም የንድፍ አውጪው የመጀመሪያ ውሳኔ የገጽ አቀማመጥ ሳይሆን ምን ይመዝገብ፣ ምንስ ሳይመዘገብ ይቅር የሚለው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ውሳኔ ያብራራል፤ የንድፍ ሐሳብ እንጂ የመስክ መረጃ ትንታኔ አይደለም።

የልውውጡ ነባር መልኮች

በወንፈል ጥቂት አባወራዎችና እማወራዎች ተራ ገብተው አንዱ በሌላው ማሳ ላይ ይሠራሉ። የተሰጠው ቀን በቀን ይመለሳል፤ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዙር ተራ አያገኝም። በመቀናጆ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ። በሬ የሌለው ደግሞ የበሬውን ቀን በጉልበት ቀን ይከፍላል፤ ምጣኔው እንደ ስምምነቱ ይለያያል። ደቦ ከእነዚህ የተለየ ነው። ጠሪው ምግብና መጠጥ ያቀርባል፤ የመጣው ሰው ግን ቀኑን ቆጥሮ አይጠይቅም። አቅም ያነሳቸው አረጋውያን፣ ሕሙማንና ረዳት የሌላቸው እናቶች ሰብላቸውን በወቅቱ የሚሰበስቡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ አካባቢ እድር የሚባለው፣ በወሎ ቅሬ የሚሰኘው ማኅበር ደግሞ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ ነው።

ከነዚህ መካከል ወንፈልና መቀናጆ ሒሳብ አላቸው፤ ደቦ የለውም። ንድፉ ይህን ልዩነት ካላከበረ፣ ሁሉንም ሥራ እንደ ዕዳ የሚመዘግብ መተግበሪያ ስጦታን ወደ ብድር ይለውጣል። ተጎጂዎቹም መመለስ የማይችሉት ናቸው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክል ሊንተን በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጀመረው የአካባቢ ልውውጥ ሥርዓት አባላት ያለ ጥሬ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጣጡና ሒሳቡ በጋራ መዝገብ እንዲያዝ አደረገ። በአሜሪካ ኤድጋር ካን ያስፋፋው የጊዜ ባንክ ደግሞ የማንኛውንም ሰው አንድ ሰዓት ከሌላው አንድ ሰዓት ጋር እኩል ቆጠረ። ወንፈል ቀንን በቀን ሲመልስ የኖረው በዚሁ መርሕ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለ። ጆአንና ሪቻርድ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዋሽንግተን ካፒቶል ሂል ወላጆች ልጆቻቸውን በየተራ የሚጠባበቁበት ማኅበር እንዴት እንደተቸገረ አሳይተዋል። ማኅበሩ በኩፖን ይሠራ ነበር፤ አባላቱ ለክፉ ቀን ኩፖን ማጠራቀም ሲጀምሩ የሚያወጣ ሰው ጠፋና ልውውጡ ቀዘቀዘ። ወንፈል ይህን ችግር የሚያስቀረው ዕዳው በሚታወቅ ሰው ላይ ስለሚቆምና ወቅቱ ሳያልፍ ስለሚዘጋ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ለዓመታት የሚጠራቀም ነጥብ የለውም። ስለዚህ መተግበሪያው ነጥብ ማውጣት የለበትም፤ ማን ለማን ስንት ቀን እንደሠራ ብቻ ይያዝ፣ በወቅቱ ማብቂያም ይዝጋ።

የንድፍ ውሳኔዎች

አንደኛ፣ መዝገቡ ለሁለት ይከፈል። በወንፈልና በመቀናጆ መዝገብ ቀኑ ይቆጠራል። በደቦ በኩል ግን ጥሪው ብቻ ይተላለፋል፤ የመጣውም የቀረውም ስም አይቀመጥም።

ሁለተኛ፣ ቅሬ ከዕዳ ይራቅ። ነባር ማኅበር ስለሆነ አባላቱን አውቆ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ይረዳል። ሆኖም የመተግበሪያው ዕዳ ወደ ቅሬ ከተላለፈ፣ የአጨዳ ቀን ያልመለሰ ቤተሰብ በሐዘኑ ጊዜ ሰው ሊያጣ ይችላል። ሁለቱ መዝገቦች በምንም መንገድ መገናኘት የለባቸውም።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ በራሱ ደንብ ይመራ። በከተሞች ቁራሌውና ልዋጭ፣ በመርካቶም ምናለሽ ተራ እንደሚያሳዩት፣ አሮጌ ዕቃ በአገራችን የታወቀ ገበያ አለው። ዕቃ አቅራቢው ከአራት አንዱን ይምረጥ፤ መስጠት፣ ማዋስ፣ መለወጥ ወይም መሸጥ። የዕቃው ጉድለት የሚጻፍበት ቦታ ሳይሞላ ማስታወቂያው አይውጣ። የተሰረቀ ዕቃ እንዳይገባም ከብት ሲሸጥ እንደተለመደው ሻጩ ዋስ ይጥራ፤ በኮከብ ደረጃ ፈንታ የሚታወቅ ሰው ቃል ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የቀን መቁጠሪያው የኢትዮጵያ ይሁን። ክርስቲያኑ የማይሠራባቸው የወሩ በዓላትና የሙስሊሙ የጁምዓ ሰዓት በቅድሚያ ይታወቁ። በወሎ ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የሥራ ቀን የሚቀጠረው የሁለቱንም ዕለት በማክበር ነው።

ቴክኒካዊ ጉዳዮች

ንድፉ ስማርት ስልክ ለሌለውም ማገልገል አለበት። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ*127# በተራ ስልክም መከፈቱ፣ ለገበሬዎች በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የስልክ መስመርም የግብርና ምክርን በድምፅ ማድረሱ መንገዱን ያሳያል። ማንበብ ለማይችል ሰው የድምፅ ምርጫ እንደ ተጨማሪ ሊታይ አይገባም።

የፊደላችን ጉዳይም ከጅምሩ ይታሰብ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ሲበልጥ መልእክቱ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ወጪውም ይጨምራል። ስለዚህ ጥሪዎች አጭር ይሁኑ፤ «ኅዳር 9 አጨዳ ወንፈል አለ። የሚመጣ 1፣ የማይመጣ 2 ብሎ ይመልስ።» የሚለው 43 ምልክት ብቻ ነው። ፍለጋውም «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ብለው የጻፉትን እኩል ያግኝ። ለዚህ ሲባል ድምፀ ሞክሼ ፊደላት በፍለጋ ማውጫው ውስጥ ወደ አንድ ይጠቃለሉ፤ ተጠቃሚው የጻፈው ግን እንዳለ ይቀመጥ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። ከላይ የቀረበው የደቦን ስም ዝርዝር ያለማስቀመጥ ውሳኔ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ያልተሰበሰበ መረጃ አይባክንም፣ ለሌላ ዓላማም አይውልም።

ማጠቃለያ

የዚህ ዓይነት መተግበሪያ ስኬት በልውውጥ ብዛት ብቻ ቢለካ ያሳስታል። ወንፈሉ በዝቶ ደቦው ቢመነምን ቁጥሩ ያድጋል፤ ረዳት የሌላት እናት ማሳ ግን ሳይታጨድ ይቀራል። ስለዚህ ሙከራው በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ የአጨዳ ወቅት ተወስኖ ይጀመር፤ ከመተግበሪያው በፊትና በኋላም አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ መመለስ የማይችሉት ሰዎች ሰብላቸውን ማን ሰበሰበላቸው? ቁጥራቸው ከቀነሰ፣ ሌላው ውጤት ምንም ያህል ቢያምር ንድፉ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።