ድመት በየዕድሜዋ ምን ትመገብ?

በበዴሳና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በቆሎ ተሰብስቦ ወደ ጎተራ ሲገባ አይጥም ተከትሎ ይገባል። ድመት በየቤቱ የምትኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም ብለን ስለምናምን ምግብ እንነፍጋታለን፤ ብንሰጣትም የቆጮ፣ የእንጀራ ወይም የጎደሬ ትርፍራፊ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልማዱ የት ላይ እንደሚሳሳትና ድመት ከግልገልነት እስከ እርጅና ምን እንደሚያስፈልጋት እንመለከታለን።

የሥጋ በልነት ምሥጢር

የአገራችንን የቀድሞ ስም የያዘው «አቢሲኒያን» የተባለው የድመት ዝርያ በምርጫ እየተራባ የዳበረው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነው የድመት ጂኖም የተገኘውም ሲናሞን ከተባለች የዚሁ ዝርያ ድመት ነበር። ዘሯ የተመዘገበ ድመትም ሆነች የበዴሳ ጎተራ ጠባቂ፣ የሁለቱም የሩቅ ወላጅ አይጥና ወፍ እያደነ የሚኖር የዱር ድመት ነው። ስለዚህ የምግብ ፍላጎታቸው በመሠረቱ አንድ ነው።

ሰው ከሥጋ ውጭ በሆነ ምግብ ሊኖር ይችላል፤ ድመት ግን አትችልም። ሰውነቷ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን አይሠራም፤ እህልና ሥራሥር ደግሞ ታውሪን የላቸውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታውሪን እጥረት የድመትን ዓይን እንደሚያጠፋ፣ በ1987 ደግሞ ልቧን እንደሚያዳክም ተረጋገጠ። ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለሕፃናት ጥሩ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ነው፤ የድመት አካል ግን በውስጡ ያለውን ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ አይለውጠውም።

በየዕድሜው

*ግልገል፦* እስከ አራት ሳምንት የእናት ጡት ይበቃታል። ከዚያ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ የደቀቀ የበሰለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል። በፍጥነት የምታድግ ግልገል በኪሎ ክብደቷ ሲሰላ ከአዋቂ ድመት ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል ትፈልጋለች፤ ሆዷ ግን ትንሽ ነው። ስለሆነም በቀን አራት ጊዜ ያህል ጥቂት በጥቂት ትመገብ። ቀይ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው አጥንቷ ይሳሳል፤ ታጥቦ፣ ደርቆና ልሞ በጥቂቱ የሚጨመር የእንቁላል ቅርፊት ይህን ያግዛል።

*አዋቂ፦* ከአንድ ዓመት በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃታል። ከሥጋ ቤት የሚገኝ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ ከጥገኛ ተውሳክ ለመጠበቅ ግን ይቀቀል። ታውሪን በውኃ ስለሚሟሟ መረቁም አይደፋ። ጉበት በጥቂቱ እንጂ የዘወትር ምግብ አይሁን።

*እርጉዝና አጥቢ፦* እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። ከፍተኛው ፍላጎት የሚመጣው ግን በማጥባት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች። ምግቧን መመጠን የግልገሎቿን ወተት መቀነስ ነው።

*አሮጊት፦* ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሷ ይደክማል፣ ኩላሊቷም ለሕመም ይጋለጣል። ለስላሳ ምግብና ንጹሕ ውኃ ዘወትር ይቅረብላት። ጤነኛ እስከሆነች ድረስ በእርጅናዋ ምክንያት ሥጋ አይቀነስባት።

በማንኛውም ዕድሜ ወጥ አይሰጣት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ይጎዳሉ። የላም ወተትም ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ቤተሰቡ ሲጾም ደግሞ ድመቷ በሽሮ ፍትፍት ብቻ ወራት እንዳታሳልፍ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እንቁላል ወይም ከአባያ ሐይቅ የሚመጣ የበሰለ ዓሣ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል።

ጥጋብና አደን

ድመት ምግብ እየበላች ሳለ አይጥ ብታይ ምግቡን ትታ እንደምታድን በሙከራ ታይቷል። አደን የተፈጥሮ ባሕርይዋ ስለሆነ ጥጋብ አያጠፋውም። ዓይኗ የፈዘዘና ልቧ የደከመ ድመት ግን ብትፈልግም አይጥ አትይዝም። እንግዲህ ለድመት የምንሰጠው ቁራሽ ሥጋ ለጎተራችን ጥበቃ የምንከፍለው ዋጋ ነው እንላለን።