«ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው እንዴ?»

ባለፈው እሁድ በጠዋቱ፣ ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ ስልኬ ጮኸ። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «ስሚ እንጂ ልጄ፣ ያቺ ልጅ ሃይስኩል ልትገባ ነው ስል ባንድ ገባሁ አለችኝ! አዝማሪ ልትሆን ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ኧረ እትዬ፣ ማርሽ ባንድ ነው» ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። «የፖሊስ?!»

አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ማርሽ ባንድ ሲባል የሚታየን ፖሊስና ጦር ሠራዊት ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ አይተው ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች እንኳ የተጫወቱት ለቤተ መንግሥት ነው። አሜሪካ ግን የሃይስኩል ተማሪ ነገር ነው። ይህን የምለው ሰምቼ አይደለም፤ ቤተሰቦቼ ዲቪ ደርሷቸው ቨርጂኒያ በኖርንበት ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ክላርኔት ይዤ ተሰልፌያለሁ። እህት ወይ አክስት አሜሪካ ያላችሁ ሁሉ እንዲህ ያለው ስልክ ነገ ለእናንተም ሊደወል ይችላልና እስቲ የማውቀውን ላጫውታችሁ።

ከዘፈኑ ይልቅ የሚከብደው እርምጃው ነው። ዓርብ ማታ የእነሱ ፉትቦል ለእረፍት ሲቆም ባንዱ ሜዳ ይገባል። እያንዳንዱ ልጅ በወረቀት የተሰጠችው የቆሞ ቦታ አለችው። በ5 ያርድ ውስጥ 8 እርምጃ፣ ማለትም አንዷ እርምጃ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ እየነፋ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየሄደ! ኳስ ተጫዋች ቢታመም ተቀያሪ አለው። ባንድ ላይ ግን አንድ ልጅ ከቀረ ሰልፉ እንደ ወለቀ ጥርስ ያስታውቃል። አስተማሪዎቹ በቀሪ የሚቆጡት ለዚህ ነው። ወላጅ ይህን ካላወቀ «ምን አለበት አንድ ቀን ብትቀር?» ይላል፤ ጠቡም እዚያ ጋ ይጀመራል።

የኔ ግን ከዚያም የባሰ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ባንድ ካምፕ የሚሉት መጣ። ካምፕ ሲባል ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርት ሳይከፈት ለአንድ ሁለት ሳምንት ከጠዋት ጀምሮ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ መሰለፍ ነው። ነሐሴ እዚያ ክረምት አይደለም፣ እሳት ነው! እናቴ በሌሊት ፈረቃ ሆቴል ታጸዳ ነበር። እንግሊዝኛውን የማነብላት እኔ ነኝ። «ይሄ ምንድነው?» ስትለኝ «የክረምት ትምህርት» ብዬ አስፈረምኳት። የጤና ቅጹ የምግብ ነገር ሲጠይቅ ደግሞ «ምንም የለም» ብዬ ሞላሁ። ጾመ ፍልሰታ ነበራ! እኛ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም። ለእናቴ ባንዱን ደበቅሁ፣ ለባንዱ ጾሙን ደበቅሁ። ሌሎቹ ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማ ክሬን እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መሬቱ ዞረብኝ። ስነቃ ጥላ ሥር ተጋድሜ አንገቴና ብብቴ ላይ በረዶ አድርገውልኛል። እናቴ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ መጣች። «ልጄን በፀሐይ ገደላችኋት!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። አስተማሪው ቋንቋውን ባይሰማም ገብቶታል። ከዚያ ወደኔ ዞረችና ቀስ ብላ «ይሄ ነው የክረምት ትምህርቱ?» አለችኝ። ያቺ ድምጿ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

ለሳምንት አኮረፈችኝ። ያስታረቁን የንስሐ አባታችን ናቸው። ልጅቷ ውሃ ትጠጣ፣ ምሳዋንም ትብላ፣ ከሥጋና ከወተት ብቻ ትከልከል አሉ፤ አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር የደበቅሁት።

እናም እትዬን መጀመሪያ ያልኳቸው «ልጅቷን አስተርጓሚ አያድርጓት፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው ያንብብልዎት» ነው። ከዚያ የባንዱን ፕሮግራምና የኛን ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ፍልሰታ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ካምፑ ላይ ይወድቃል። እንቁጣጣሽና መስቀል ሴፕቴምበር ናቸው፤ ያኔ የጨዋታው ወቅት ጦፏል። ቀኖቹን ገና በሰኔ ለአስተማሪው መንገር ነው፤ በዋዜማው ቢነግሩት ማንም አይሰማም።

ገንዘቡ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ጋ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ሌላው ጋ ከሺህ በላይ። ትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ሱሳፎንና ከበሮዎቹን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ያውሳል፤ ዩኒፎርሙም ተመላሽ ነው፤ ጫማና ጓንት ግን ይገዛል። አቅም ለሌለው የሚቀንሱ ሞልተዋል፣ የኛ ሰው ግን ከሚጠይቅ ልጁን ቢያስወጣ ይመርጣል። ከበሮ ከደረሳት ደግሞ የጆሮ መድፈኛ እንዳይረሳ።

እናቴስ? በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጋቢዋን ደርባ ሜዳ መጣች። ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ብቻዋን እልል አለች። ከመስመሬ ሳልወጣ መጨረሴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ለመሆኑ ኳሱን በእግራቸው የሚመቱት መቼ ነው?» አለችኝ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኳቸው።

«አለሁ» አሉኝ፤ «ነሐሴን እየቆጠርኩ ነው።»