የፊደልና የትእዛዝ ቁልፍ አለያየት በተርሚናል ፕሮግራም

በተርሚናል የሚሠራ የቃላት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሦስት ዓይነት ግብዓት ይቀበላል፤ እነርሱም የሚጻፍ ፊደል፣ የትእዛዝ ቁልፍ እና ከኮምፒውተሩ ሥርዓት የሚመጣ ክስተት ናቸው። ሦስቱም ለፕሮግራሙ የሚደርሱት በቁጥር ተመስለው ነው። ከዚህ የሚነሣው አሻሚነት ለቋንቋ አጥኚ እንግዳ አይደለም። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል ማለት ነው። ጽሑፉ ጥብቀትን ስለማያሳይ አንባቢው ፍቺውን የሚለየው ከአገባቡ ነው።

ለዚህ ኤንከርስስ የተባለው ማዕቀፍ ጥሩ ማሳያ ነው። በማዕቀፉ ከ257 እስከ 511 ያሉት ቁጥሮች ለቁልፎችና ለክስተቶች የተመደቡ ናቸው፤ የላይ ቀስት 259፣ የኢንሰርት ቁልፍ 331 ነው። የመስኮቱ መጠን ሲለወጥ ሥርዓቱ የሚልከውን ሲግናል ማዕቀፉ ተቀብሎ በ410 ይወክለዋል፤ ፕሮግራሙም እንደ ቁልፍ ያነበዋል።

በዩኒኮድ ግን 331 የፊደል ቁጥር ነው፤ ይኸውም በኑዌርና በዲንካ አጻጻፍ ትናጋዊ ሰርናዊ ድምፅን የሚወክለው ጭራ ያለው ትንሹ ኤን ነው። ስለዚህ የማዕቀፉ ሰፊ ፊደል አንባቢ ተግባር ሁለት ነገር ይመልሳል፤ አንደኛው ቁጥሩ ሲሆን ሁለተኛው ቁጥሩ የፊደል ወይስ የቁልፍ መሆኑን የሚገልጽ መለያ ነው። ፕሮግራም አዘጋጁ መለያውን ቸል ብሎ በቁጥሩ ብቻ ከፈረደ፣ መዝጋቢው የጻፈው ድምፅ እንደ ኢንሰርት ትእዛዝ ይቆጠርና ከመዝገቡ ይቀራል።

ጉድለቱ በቀላሉ አይታይም። የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ከ128 በታች ነው፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ ከ«ሀ»፣ ማለትም ከ4608 ይጀምራል። ሁለቱም ከቁልፎቹ ክልል ውጭ በመሆናቸው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም እንከን የለሽ ይመስላል። ክፍት «ኤ» እና ክፍት «ኦ» የሚጻፉባቸው የኑዌር ትንንሽ ፊደላትም 603 እና 596 ስለሆኑ በደኅና ያልፋሉ። የሚጠፋው ሰርናዊው ብቻ ነው፤ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚመረምር አጥኚም ጉድለቱን የተናጋሪው አነጋገር ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ ጥንቃቄው ሁለት ነው፤ መለያውን ከቁጥሩ አስቀድሞ ማየት፣ ፕሮግራሙንም በሚጠናው ቋንቋ ሙሉ ፊደል መፈተን።