የሚያጣድፍ ሽንትና የመድኃኒቱ ወጪ በድሬ ዳዋ

የሽንት ፊኛ ሽንት በሚጠራቀምበት ጊዜ ላልቶ፣ ሰው ለመሽናት በፈቀደበት ጊዜ ደግሞ ተኮማትሮ የሚሠራ ጡንቻማ ከረጢት ነው። ይህ ጡንቻ ፊኛው ገና ሳይሞላና ባለቤቱ ሳይፈቅድ መኮማተር ሲጀምር ድንገተኛና ለመቋጠር የሚያስቸግር የመሽናት ፍላጎት ይፈጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ደጋግሞ መመላለስና ሌሊት ከእንቅልፍ መነሣት ይከተለዋል፤ በአንዳንዶችም ላይ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ሽንት ያመልጣል። ሽንትን የመቆጣጠር ችግር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የስያሜ ሰነድ እነዚህ ምልክቶች፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ግልጽ ምክንያት እስካልተገኘላቸው ድረስ፣ ንቃቱ የበዛ የሽንት ፊኛ በሚል አንድ ስም እንዲጠሩ አድርጓል። ሕመሙ አይገድልም፤ ነገር ግን ለሶላት ውዱእ ያደረገን ሰው ደጋግሞ ወደ ውኃው ይመልሰዋል፣ ቅዳሴ አስቀዳሹን ከመካከል ያስወጣዋል፣ ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገውን ረጅም የአውቶቡስ ጉዞም የጭንቀት ጉዞ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ የሽንት ማምለጥ ነገር ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ፊስቱላ ነው፤ ይኸውም በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊኛና በወሊድ መንገድ መካከል የሚከፈት ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የመሠረቱት ሆስፒታልና በክልሎች የተከፈቱት ቅርንጫፎቹ፣ ለድሬ ዳዋ ቅርብ የሆነውን የሐረሩን ማዕከል ጨምሮ፣ ለእነዚህ እናቶች ሕክምናውን በነፃ ሲሰጡ ኖረዋል። ንቃቱ የበዛ ፊኛ ግን ቀዳዳ የሌለው፣ በቀዶ ጥገና የማይዘጋ፣ ወንዱንም ሴቱንም የሚይዝና ለወራት ምናልባትም ለዓመታት ክኒን የሚጠይቅ ችግር በመሆኑ እንዲህ ያለ ባለቤት አላገኘም። ሕመምተኛው ዕፍረቱንም ወጪውንም ብቻውን ይሸከማል፤ ይህም ለሕዝብ ጤና ሥርዓቱ ቀላል ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አሲታይልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የፊኛውን ጡንቻ እንዳያኮማትር የሚከለክሉ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦክሲቡቲኒን፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ቶልቴሮዲንና ሶሊፌናሲን ይገኛሉ። ሁለተኛው ወገን ጡንቻው በቀጥታ እንዲላላ የሚያደርግ ሲሆን፣ ከዚህ ወገን የመጀመሪያው ሚራቤግሮን በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2012 ተፈቅዷል። የዋጋው ልዩነት አብዛኛው ከዕድሜያቸው የሚመነጭ ነው፤ የአንድ መድኃኒት የፈጠራ መብት ጊዜው ሲያልፍ ሌሎች ፋብሪካዎች በንጥረ ነገሩ ስም ሊያመርቱት ስለሚችሉ፣ ጀነሪክ የሚባለው ይህ ምርት ከመጀመሪያው አምራች የንግድ ስም እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ቬሲኬር ብሎ የንግዱን ስም ከሚጽፍ ሶሊፌናሲን ብሎ የንጥረ ነገሩን ስም ቢጽፍ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በእጁ ካለው የተመዘገበ ምርት ርካሹን ለመስጠት ይችላል፤ ታካሚውም ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ሄዶ ዋጋ ለማነጻጸር መንገድ ያገኛል።

ማነጻጸሩ ግን በስትሪፕ ዋጋ ከተደረገ ያሳስታል። ፈጥኖ የሚሟሟው ኦክሲቡቲኒን ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ስለሚወሰድ ለ30 ቀን ከ60 እስከ 90 ክኒን ያስፈልጋል፤ በአንድ ስትሪፕ 10 ክኒን ካለ ከ6 እስከ 9 ስትሪፕ ማለት ነው። ሶሊፌናሲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ለወሩ 3 ስትሪፕ ይበቃል። ስለዚህ የአንዱ ስትሪፕ ዋጋ ከሌላው እጥፍ ቢሆን እንኳ የወሩ ሒሳብ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል፤ መጠየቅ ያለበት የአንድ ቀን ሕክምና ስንት ያወጣል የሚለው ነው። በተጨማሪም ውጤቱ የሚመዘነው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነና ብዙ ሰዎች በአፍ መድረቅና በሆድ ድርቀት ምክንያት መድኃኒቱን ስለሚያቋርጡ፣ ገና ሳይሞከር የሦስት ወር መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ድሬ ዳዋ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ በር ሆና ኖራለች፤ ወደብ ቅርብ መሆኑ ግን መድኃኒትን ለነዋሪዋ አላረከሰውም። በመንግሥት በኩል መድኃኒት የሚገዛውና የሚያከፋፍለው ተቋም በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት የሚባለው ሲሆን በድሬ ዳዋም ቅርንጫፍ አለው። አቅርቦቱ በሁለት መንገድ ይፈሳል፤ የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳና የወባ መድኃኒቶች በፕሮግራም ስም ያለ ክፍያ ሲሰጡ፣ የቀሩት በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ከሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ተመልሶ ለቀጣዩ ግዢ በሚውልበት አሠራር ይቀርባሉ። የፊኛ መድኃኒት ከሁለተኛው መደብ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ጫናው በቀጥታ ያረፈው በየወሩ መድኃኒት በሚገዙ ሰዎች ላይ ነው።

የጤና መድኑ ጥበቃ የሚሰጠውም እስከ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ድረስ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋና ድሬ ዳዋንም የደረሰ ሥርዓት ሲሆን፣ አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታከም ያስችላል፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ የድኻ ድኾችም መንግሥት ይከፍላል። ነገር ግን የታዘዘው ክኒን በመደርደሪያው ላይ ከሌለና መልሱ «ከውጭ ግዙ» ከሆነ፣ የመድን መታወቂያ የያዘውም ያልያዘውም በግል ፋርማሲው ፊት እኩል ናቸው። የመድን አባል የሆነ ሕመምተኛ ሐኪሙ ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት በተቋሙ ውስጥ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ ቢጠይቅ መብቱን መጠቀሙ ነው፤ ሐኪሙም ይህን ለማጣራት የሚወስድበት ደቂቃ ለታካሚው የወር አስቤዛ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ብክነት ግን ለማያስፈልግ መድኃኒት የሚከፈለው ነው። ቶሎ ቶሎ መሽናት የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጠጠር ወይም የፕሮስቴት እጢ ማበጥ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የሽንትና የደም ስኳር ምርመራ ሳይደረግ የፊኛ ክኒን መጀመር ገንዘብንም ጊዜንም ይበላል። በድሬ ዳዋ ደግሞ በዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ጫት ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ሲሆን፣ በፊኛ አንገት ላይ ያለውን ጡንቻ የሚያጠብቁትን ነርቮች ይቀሰቅሳል። የየመን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ የዩሮሎጂ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ጤናማ ወንዶች ጫት በቃሙ ጊዜ የሽንታቸው ፍሰት እንደተዳከመ፣ የፊኛ አንገትን የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጣቸውም ተጽዕኖው እንደተቃለለ አሳይተዋል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፊኛው በደንብ ስለማይራገፍ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ሻይ፣ ቡናና ለስላሳ መጠጥም ሽንቱን ያበዛል፣ ካፌይኑም ፊኛውን ይቆሰቁሳል። ይህን ሰው ንቃቱ የበዛ ፊኛ አለው ብሎ ጡንቻውን የሚያዳክም ክኒን ማዘዝ ወጪን ከማብዛቱም በላይ ሽንቱን ጨርሶ ሊዘጋበት ይችላል። ጫቱንና ካፌይኑን ለሁለት ሳምንት ተወት አድርጎ ለውጡን ማየት አንድ ብር የማያስወጣ ምርመራ ሲሆን፣ በዚህ ከተማ በማንኛውም የፊኛ ሕመምተኛ መዝገብ ላይ የጫት ጥያቄ ሳይጻፍ መቅረት አይገባውም ነበር።

የከተማዋ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የመጀመሪያው ወገን መድኃኒቶች ላብን ስለሚቀንሱ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን መንገድ ያጠባሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የምትውል ነጋዴ ይህ ካልተነገራት ለሙቀት ጉዳት ትጋለጣለች። አፍ ስለሚያደርቁም ታካሚው ብዙ ውኃ ይጠጣና ሽንቱ ተመልሶ ይበዛል፤ በተቃራኒው ሽንት እንዳያመልጠው ፈርቶ ውኃ የሚተው ሰው ሽንቱ ወፍሮ ፊኛውን ያስቆጣዋል፣ ለጠጠርም ይዳርገዋል።

ያለ ክኒን የሚሰጠው ሕክምና በድኻ አገር የተገኘ ማካካሻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በታተመ፣ ከ55 እስከ 92 ዓመት የሆናቸው 197 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ የሽንት ማምለጡ ጊዜያት በባህርይ ሥልጠና 80.7 በመቶ፣ በኦክሲቡቲኒን 68.5 በመቶ፣ በባዶ ክኒን ደግሞ 39.4 በመቶ ቀንሰዋል። ሥልጠናው ሽንት ሲያጣድፍ ወደ መጸዳጃ ቤት ከመሮጥ ይልቅ ባሉበት ቆሞ፣ ሽንትን ለማቋረጥ የሚያገለግለውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ደጋግሞ ቆንጠጥ እያደረጉ ግፊቱ እስኪበርድ መጠበቅና ከዚያ በኋላ በእርጋታ መሄድ ነው፤ በሁለት ሽንት መካከል ያለው ጊዜም በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ያህል እየተጨመረበት ይሄዳል። ይህን በትዕግሥት ለማስተማር ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይበቃል።

ሰዎች ወጪ ለመቆጠብ ብለው የሚሄዱባቸው አደገኛ መንገዶችም አሉ። ቀስ እያለ እንዲሟሟ ሆኖ የተሠራን ክኒን፣ ለምሳሌ ሚራቤግሮንን፣ ለሁለት መክፈል የቀኑን መጠን አንድ ጊዜ ሊያፈስ ወይም ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል። በኮንትሮባንድ ገብቶ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ መድኃኒትም የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያልመዘገበው ከመሆኑም በላይ በበረሃ ፀሐይ ምን ያህል እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ርካሹ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም፤ የመርሳት ምልክት ለሚታይባቸው አረጋውያን ኦክሲቡቲኒን አእምሮን ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ የደም ግፊታቸው ከተፈቀደው ልክ ካላለፈ ውዱ ሚራቤግሮን የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

የአቅርቦቱ ችግር የሚፈታበት ቦታ በየሆስፒታሉ ያለው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ነው፤ በድል ጮራም ሆነ በሳቢያን ሆስፒታል ምን መድኃኒት በዝርዝር እንደሚካተትና በዓመት ምን ያህል እንደሚጠየቅ የሚመክረው እርሱ ነው። ትንበያው የሚሠራው ባለፈው ዓመት ከወጣው መጠን ተነሥቶ በመሆኑ፣ መደርደሪያው ላይ ያልነበረ መድኃኒት ፍላጎቱ ዜሮ ሆኖ ይመዘገብና የሚቀጥለውም ጥያቄ ዜሮ ይሆናል። «ከውጭ ግዙ» ተብሎ የተመለሰ እያንዳንዱ ማዘዣ በመስኮቱ ላይ በተቀመጠ መዝገብ ቢሰፍር፣ ይህ በቁጥር የማይታይ ሕመምተኛ በቀጣዩ የግዢ ጥያቄ ላይ ይታያል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና መዝገቡን የሚይዝ ባለሙያ ነው።