ላላየ ሰው መንገር፤ የሬድ ባርበር የስፖርት ዘጋቢነት

የስፖርት ዘጋቢ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ በሜዳ የሚደረገውን ጨዋታ በዚያ ላልተገኘ ሰው መንገር ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አድማጩ ራሱ አላየምና ዘጋቢው ቢጨምርበትም ቢቀንስበትም ለማወቅ አይችልም። ደመወዙን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቡድኑ ባለቤት ነው። እንግዲህ ዘጋቢው የሚያገለግለው ከፋዩን ነው ወይስ አድማጩን? ይህን ጥያቄ በአሜሪካዊው የቤዝቦል ዘጋቢ በሬድ ባርበር የሥራ ዘመን ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ላኒየር ባርበር በ1908 በሚሲሲፒ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ተወለደ። ጠጕሩ ቀይ ስለ ነበረ «ሬድ»፣ ማለት ቀዩ፣ ተባለ። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እየሠራ ሲማር ሳለ፣ በ1930 አንድ መምህር ስለ ላሞች አወላለድ የተጻፈ ጥናት በዩኒቨርሲቲው ራዲዮ ሊያነብ ቀጠሮ ነበረው። መምህሩ ሳይመጣ ስለ ቀረ ጽሑፉን ተማሪው ባርበር አነበበው፤ የራዲዮ ሥራውም በዚህ ተጀመረ። በ1934 የሲንሲናቲን ቡድን ጨዋታ እንዲያስተላልፍ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ያስተላለፈው ጨዋታ፣ በዐይኑ ያየው የመጀመሪያው የታላቁ ሊግ ጨዋታ ነበረ።

በዚያ ዘመን ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ዘጋቢው አብሮ አይሄድም ነበር። በቴሌግራፍ የሚደርሰውን አጭር ወሬ እየተቀበለ በስቱዲዮ ተቀምጦ ይተርካል። አንዳንዶቹ የጭብጨባና የዱላ ድምፅ እየጨመሩ ከሜዳው የሚናገሩ ያስመስሉ ነበር። ባርበር ግን ማይክሮፎኑን ከቴሌግራፉ መኪና አጠገብ አድርጎ ድምፁ እንዲሰማ አደረገ፤ ይኸውም እርሱ በሜዳው አለመኖሩን አድማጩ እንዲያውቅ ነው። እንዲሁም ዘግይቶ ራዲዮ የከፈተ ሰው ውጤቱን ሳያውቅ እንዳይቆይ፣ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቍጥር ውጤቱን ተናግሮ ሰዓቱን ይገለብጠዋል።

በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ሄዶ የብሩክሊን ዶጀርስ ዘጋቢ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን የታላቁ ሊግ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታይ የተናገረው እርሱ ነበረ። በቴሌቪዥንና በራዲዮ መካከል ያለውን ልዩነትም አስተዋለ፤ በራዲዮ አድማጩ የሚያየው በዘጋቢው ቃል ሲሆን፣ በቴሌቪዥን ግን ዘጋቢው ካሜራውን ይከተላል።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ1945 ነው። የቡድኑ መሪ ብራንች ሪኪ ለታላቁ ሊግ ጥቁር ተጫዋች ሊያመጣ ማሰቡን በምስጢር ነገረው። ባርበር ያደገው ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት በደቡብ አገር ነበረና፣ ቤቱ ገብቶ ሥራውን እንደሚተው ለሚስቱ ነገራት። እርስዋም እንዳይቸኩል መከረችው። በኋላ ሲያስብበት፣ የቤዝቦል የበላይ ዳኛ የነበሩት ላንዲስ በ1935 ለዘጋቢዎች የሰጡት ምክር ትዝ አለው፤ የምታዩትን ንገሩ፣ አስተያየታችሁን ለራሳችሁ ያዙ የሚል ነበረ። አፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ሜዳ ሲገባ፣ ባርበር እንደ ማናቸውም ተጫዋች አድርጎ ዘገበለት። እርሱ ለሮቢንሰን ካደረገው ይልቅ ሮቢንሰን ለእርሱ ያደረገው እንደሚበልጥም ኋላ መሰከረ።

በ1954 ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ተዛወረ። በ1966 ይህ ዝነኛ ቡድን ከሊጉ መጨረሻ ሆነ። ሴፕቴምበር 22 ቀን ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም የተገኘው ከፋይ ተመልካች 413 ብቻ ነበረ። ባርበር ካሜራው ባዶዎቹን መቀመጫዎች እንዲያሳይ ቢጠይቅ እምቢ ተባለ። ካሜራው የደበቀውን ግን በቃሉ ገለጠው፤ የዕለቱ ወሬ ጨዋታው ሳይሆን የተመልካቹ ማነስ እንደ ሆነ ተናገረ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ውሉ እንደማይታደስለት ተነገረው።

ሆኖም ስሙ አልጠፋም። በ1978 የቤዝቦል ዘጋቢዎች የሚሸለሙበትን የፎርድ ፍሪክ ሽልማት ከሜል አለን ጋር በመጀመሪያ የተቀበለው እርሱ ነው። ከ1981 ጀምሮም እስከሞተበት እስከ 1992 ድረስ በየሳምንቱ ዓርብ ጧት በአሜሪካ የሕዝብ ራዲዮ ይናገር ነበር።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ በቴሌግራፉ ድምፅም ሆነ በባዶው ስታዲየም ባርበር የጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ በቦታው ላልነበረው ሰው የታየውን እንደታየ መንገር። እኛም በዚህ ቡለቲን ጥናት የምናቀርብ ተማሪዎች፣ አንባቢው ያልደረሰበትን መንደርና ያልቈጠረውን ቍጥር እንነግረዋለን። እርሱ ሊመረምረው የማይችለውን ስንጽፍ፣ በገዛ ዐይናችን ያላየነውን ከሌላ የሰማነው መሆኑን ብንገልጥለት ይገባል።